ልጄ «ሰፍቶ የሚልክልን አለ» ይላል፤ ሠራተኞቼን ምን ልበላቸው?

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

በሐዋሳ ከተማ፣ አቶቴ አካባቢ የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሰፋበት አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ሥራውን ከባለቤቴ ጋር የጀመርነው በእግር በሚረገጡ ሁለት የስፌት መኪናዎች ነበር፤ እርሱ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ 14 የስፌት ማሽኖች፣ ሁለት የሹራብ ማሽኖችና 19 ሠራተኞች አሉኝ። ከሠራተኞቹ አራቱ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ይሠሩበት የነበረው ፋብሪካ ሥራ ሲያቆም ወደ እኔ የመጡ ልጆች ናቸው። ቆራጬ ደግሞ 12 ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ስንት ሱሪ እንደሚወጣው በዓይኗ ብቻ ትነግረኛለች። ባለቤቴ በታመመበት ዓመት እኔ ሆስፒታል ስመላለስ ትእዛዙን ሁሉ በጊዜው ያደረሰችው እርሷ ናት። ልጆቿን ለብቻዋ ነው የምታሳድገው።

የ28 ዓመት ልጅ አለኝ። አዲስ አበባ ማርኬቲንግ ተምሮ፣ በአንድ አስመጪ ዘንድ ሠርቶ፣ ባለፈው ዓመት ተመልሶ ከእኔ ጋር መሥራት ጀምሯል። አሁን «ስፌቱን አውትሶርስ እናድርገው» ይለኛል። ሸሚዝ፣ ሱሪና ሹራብ ያለው አንድ ሙሉ ዩኒፎርም እኔ ዘንድ 1,900 ብር ይፈጃል፤ እርሱ የሚያውቀው ነጋዴ ግን ከቻይና አሰፍቶ በ1,450 ብር አዲስ አበባ ድረስ ሊያስረክበን ይችላል። የእኛ ድርሻ የትምህርት ቤቱን ዓርማ መለጠፍና መሸጥ ብቻ ይሆናል። ይህን ካልወደድኩ ደግሞ ሠራተኞቹን አሰናብቼ ማሽኑን በየቤታቸው እንድሰጣቸውና በሰፉት ቁጥር ልክ እንድከፍላቸው ይመክረኛል፤ የጡረታውም መዋጮ፣ የመብራቱም ወጪ ይቀርልሻል ነው የሚለኝ።

ዘንድሮ ሁለት ትምህርት ቤቶች ዋጋሽ በዛ ብለው ትተውኝ ስለ ሄዱ ልጄን «ተሳስተሃል» ለማለት አልደፈርኩም። ጎረቤቴ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ አትስሚው» ትለኛለች። እኔ ግን እምቢ ብለው ተመልሶ አዲስ አበባ እንዳይሄድብኝ እሰጋለሁ፤ እሺ ብለው ደግሞ የእነዚያን ልጆች ፊት እንዴት አያለሁ? ዕድሜዬ 56 ነው፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ እናት፣ ከሐዋሳ

*

የተከበሩ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ 1,900 እና ስለ 1,450 ብር አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው አልፈዋል፤ ስለ ቆራጭዎ ግን አራት ጽፈዋል። ይህን የምለው ልብዎ ወዴት እንዳደላ አስቀድሞ የታወቀ ይመስላል ለማለት ነው እንጂ ስሜትዎ የሒሳቡን ቦታ ይያዝ ለማለት አይደለም። ሁለት ትምህርት ቤቶች ከሄዱ ልጅዎ የሚያየው ችግር እውነተኛ ነው። ሠራተኞችዎን ስለሚወዱ ብቻ ሥራውን እንደነበረው ቢቀጥሉ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ 19ኙም አንድ ላይ ሊወጡ ይችላሉና፣ ከሒሳቡ እንጀምር።

የ1,450 ብሩ ዋጋ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይተውታል? በኢትዮጵያ ጉምሩክ ተሰፍቶ ለሚገባ ልብስ የሚከፈለው ቀረጥ በከፍተኛው እርከን ላይ ያለው 35 በመቶ ነው። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በሁለቱም ላይ ደግሞ ሱር ታክስ የሚባል 10 በመቶ ተጨማሪ ግብር ይታሰባል፤ የሚሰሉትም አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ነው። ስለዚህ 100 ብር የሚያወጣ ልብስ ከጉምሩክ ሲወጣ 170 ብር አልፎ ይገኛል። (ተጨማሪ እሴት ታክሱ ኋላ ከሽያጩ ጋር የሚቻቻል ቢሆንም፣ ጉምሩክ ላይ አስቀድሞ ከኪስ የሚወጣ ነው።) ይህን ስሌት ወደ ኋላ ቢመልሱት፣ ከ1,450 ብር ውስጥ ለጨርቁ፣ ለስፌቱና ለመርከቡ የሚተርፈው ቢበዛ 850 ብር ገደማ ነው፤ ነጋዴው ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚያጓጉዝበትና የሚያተርፍበት ገንዘብም ከዚያው መውጣት አለበት። አይቻልም አልልም፤ የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ሲሰፉ የሚደርሱበት ዋጋ ያስገርማል። ሆኖም ልጅዎ ነጋዴውን «የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይዘህ ነው የምታስረክበን?» ብሎ ይጠይቀው፤ ዕቃው በጉምሩክ ተመዝግቦ መግባቱን የሚያሳየው ሰነድ ማለቴ ነው። መልሱ ከተድበሰበሰ የቀረበላችሁ የኮንትሮባንድ ዋጋ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ዋጋ ደግሞ ለትምህርት ቤት ደረሰኝ ቆርጦ መሸጥ አይቻልም።

ዋጋው ትክክለኛ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜ ጥያቄው የቀን ጉዳይ ይሆናል። ዩኒፎርም በመስከረም ካልደረሰ እስከሚቀጥለው መስከረም ገንዘብ አስሮ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። በ2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መጠቃት ሲጀምሩ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞረው መሄድ እንደ ጀመሩ ያስታውሱ ይሆናል። የውጭ ምንዛሪውም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይሞሉ ወደ 100 ብር ደርሶ አልፏል። እርስዎም ቢሆኑ ብትን ጨርቁ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ከዚህ አላመለጡም፤ ግን የእርስዎ ወጪ በዶላር የሚናጠው በጨርቁና በክሩ ልክ ሲሆን፣ ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ ላይ የሰፊዋም ደመወዝ ጭምር በዶላር ይታሰባል። ገንዘቡ የሚከፈለው በጥር ወይም በየካቲት፣ ልብሱ የሚሸጠው በነሐሴ መሆኑንም አይርሱ። በመካከሉ ትምህርት ቤቱ የሹራቡን ቀለም ቢቀይር፣ ወይም ከመጣው ዕቃ ውስጥ ትልልቁ ልክ አልቆ ትንንሹ ቢተርፍ፣ ኪሳራው የማን እንደሚሆን ውሉ ይናገራል?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ወደ እርስዎ የሚመጣው ለምንድን ነው? ግቢው ድረስ ሄደው ተማሪዎቹን ስለሚለኩ፣ በጥቅምት የተመዘገበ አዲስ ተማሪ በሦስት ቀን ልብሱ ስለሚደርስለት፣ የተቀደደው ስለሚጠገንለት ይመስለኛል። እነዚህን ሁሉ የሚያደርጉት ቆራጭዎና ሰፊዎችዎ ናቸው። ስፌቱ ከቤትዎ ከወጣ በኋላ እርስዎ ዓርማ ለጥፎ ሻጭ ይሆናሉ። የዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ በእርስዎ በኩል ከማለፍ ይልቅ ራሱ ለርእሰ መምህሩ ደውሎ በ1,600 ብር ቢያቀርብለት ምን ይከለክለዋል? ልጅዎ ማርኬቲንግ ተምሯልና ይህን ጥያቄ ከእኔ በተሻለ ሊመልስልዎ ይችላል፤ ይጠይቁት።

ስፌትን አሳልፎ መስጠት ምን እንደሚያስከትል ከሌላው ዓለም ማየትም ይጠቅማል። በአሜሪካ በልብስ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ከ900,000 በላይ ነበሩ፤ ዛሬ ከ100,000 በታች ናቸው። የታወቁት የልብስ ስሞች አልጠፉም፤ ንድፉንና ሽያጩን ይዘው ስፌቱን ርካሽ ጉልበት ወዳለበት ወሰዱት እንጂ። ስፌቱ ሲሄድ ግን ማሽን የሚጠግነው፣ ክርና ቁልፍ የሚያቀርበው፣ ፓተርን የሚያወጣው ሁሉ ተከትሎት ሄደ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ሲመጣ ሀብታሞቹ አገሮች የአፍ መሸፈኛ እንኳ በበቂ መጠን የሚሰፋላቸው አጥተው ሲጨነቁ፣ የእርስዎ ከተማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን መሸፈኛ ሲሰፋ ነበር። ከዚያ የሚመጣው ትምህርት ግን በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ያው ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በዘጠኝ ወር የተገነባ፣ በሙሉ አቅሙ 60,000 ሰው ይቀጥራል የተባለለት ነበር። ሥራው የተመሠረተው ግን የውጭ ኩባንያዎች በሚያመጡት ትእዛዝ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለቀረጥ ከምትልክበት ከአጎዋ ዕድል እንደምትሰረዝ ሲነገር፣ ፓርኩን ከጅምሩ ያስተዋወቀው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር ወር የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ዕድሉም ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ተቋረጠ። አራቱ ልጆች ትእዛዝ ሲነሣ ምን እንደሚመስል ከእርስዎም ከእኔም በላይ ያውቃሉ። እርስዎ ግን ከፓርኩ ፋብሪካዎች በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ደንበኛዎ በባጃጅ የሚደረስበት ትምህርት ቤት ነው።

እንግዲህ ወደ 1,900 ብሩ እንመለስ፤ እውነተኛው ሕመም ያለው እዚያ ይመስለኛልና። ለመሆኑ ይህ ዋጋ ሲበታተን ስንቱ ሸሚዝ፣ ስንቱ ሱሪ፣ ስንቱ ሹራብ ነው? ሁለት የሹራብ ማሽን ብቻ ያለው ድርጅት ሹራብን በርካሽ መሥራት እጅግ ይከብደዋል፤ ከ1,900 ውስጥ ብዙውን የሚበላው ሹራቡ ቢሆን አልደነቅም። እንዲህ ከሆነ የልጅዎን ሐሳብ በከፊል መቀበል ይችላሉ፦ ሹራቡ ለሌላ ይሰጥ፣ ሸሚዝና ሱሪው ግን ቤትዎ ይቅር። ከቻይና በፊትም አገር ውስጥ ትላልቅ የሹራብ ማሽኖች ያሏቸውን ፋብሪካዎች ዋጋ ይጠይቁ፤ «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚለው ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ፊታቸውን ያዞሩ አሉ። ሥራን አሳልፎ መስጠት ሁልጊዜ ባሕር መሻገር አለበት ያለው ማን ነው?

ሁለተኛው የወጪ ምንጭ ባዶዎቹ ወራት ናቸው። የዩኒፎርም ሥራ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጣደፋል፤ ደመወዝ ግን 12 ወር ይከፈላል፤ የኅዳርና የየካቲት ደመወዝ ሁሉ በዚያው በነሐሴው ልብስ ላይ ይጫናል ማለት ነው። ሐዋሳ ደግሞ በሐይቁ ዳር የተደረደሩት ሆቴሎች ሁሉ የአስተናጋጅ ልብስ፣ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የሚፈልጉባት፣ ለፊቼ ጨምበላላ በሺህ የሚቆጠር ቲሸርት የሚታተምባት፣ የዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል ከተማ ናት። ከፓርኩ የመጡት ልጆች በመስመር ተቀምጠው እየተቀባበሉ መስፋትን፣ የጥራት ቁጥጥርንና በሰዓት ስንት እንደሚወጣ መቁጠርን የተማሩ ናቸው። ይህን ሙያቸውን ተጠቅመውበታል ወይስ እንደ ማንኛውም ሰፊ አስቀምጠዋቸዋል? ከአራቱ አንዷን ለአንድ ወር የመስመሩ ኃላፊ አድርገው ይሞክሯት፤ የአንድ ሱሪ የስፌት ደቂቃ በግልጽ የሚቀንስ ይመስለኛል። እርግጥ መብራቱ ካልጠፋ ነው።

ማሽኑን በየቤታቸው ስለ መስጠቱ ሐሳብ ትንሽ ልቆይበት። በመሠረቱ ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ሕፃን ልጅ ያላት ሰፊ ራሷ ልትጠይቀው ትችላለች። ነገር ግን የሚደረገው የጡረታውን 11 በመቶ ለማምለጥ ብቻ ከሆነ አደገኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን የሚለየው ሰውየው በአሠሪው መሪነት ለደመወዝ በመሥራቱ ነው፤ የውሉን ስም ስለ ቀየሩት ብቻ ሠራተኛው ሠራተኛ መሆኑ አይቀርም። ሰዓቱን የሚወስኑት፣ ጨርቁን የሚሰጡትና ለሌላ እንዳትሰፋ የሚከለክሏት እርስዎ ከሆኑ፣ ነገ ክርክር ቢነሣ ዳኛው የሚያየው ይህን ነው።

ሠራተኛ መቀነስ ግዴታ ቢሆንስ ብለው በምሽት የሚያስቡ ከሆነ፣ ቁጥሩን ማወቅ ከጭንቀት ይሻላል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ከሥራ መቀነስ የተነሣ የምትሰናበት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚህን ሲሶ የሥራ ስንብት ክፍያ ታገኛለች፤ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ለቆራጭዎ ቢሰላ 12 ዓመቷ 140 ቀን፣ ከጭማሪው ጋር 200 ቀን ይሆናል፤ አስቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ለብቻው ነው። ይህን ለ19 ሰው አስልተው በልጅዎ ዕቅድ ላይ ቢጨምሩት፣ በአንድ ልብስ ተገኘ ከተባለው 450 ብር ልዩነት ላይ በመጀመሪያው ዓመት ምን ያህሉ እንደሚቀር ይታያል። «ፈርመው ራሳቸው ለቀቁ» የሚለውን አቋራጭ የሚመክርዎ ሰው ከመጣ ግን እባክዎ አይስሙት። ከ12 ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ወረቀት ያስፈረሙት ሰው በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያገኝዎታል።

አሁን ስለ ልጅዎ። ጎረቤትዎ የጠቀሰችው ተረት ለ28 ዓመት ሰው የሚሆን አይመስለኝም፤ ገበያውን አይቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ከነአማራጩ ያቀረበ ሰው አቡክቷል ከማለት ይልቅ አስቧል ማለት ይቀላል። ምናልባት የሚጠይቀው ስለ ቻይና ላይሆንም ይችላል። አንድ ወጣት ወደ እናቱ ድርጅት ሲመለስ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ «እትዬ ያሉት ይሁን» የሚሉበትን፣ ቆራጩ ከእርሱ ይልቅ ጨርቁን የምታውቅበትን ቤት ያገኛል። ስፌት የማይችል ሰው በስፌት ቤት ውስጥ ቦታው የት ነው? ስፌቱ ቢወጣ ግን የሚቀረው ሽያጭ ነው፤ ሽያጭ ደግሞ የእርሱ ነው። ይህ ግምቴ ነው፤ እናቱ እርስዎ ነዎትና ይመርምሩት። «ይህን ድርጅት ከአሥር ዓመት በኋላ ስታስበው አንተ ምን እየሠራህ ነው?» ብለው ጠይቀውት ያውቃሉ? እርስዎስ፣ ዓይንዎ ደክሞ ከሆነ፣ ዕረፍት መፈለግዎን ለእርሱም ለራስዎም በግልጽ ተናግረዋል? ደክሞኛል ማለት ሠራተኞችን መክዳት አይደለም።

ይህን ወሬ በሥራ ቦታ፣ ሠራተኞች እየሰሙ አያንሡት፤ በአንድ እሑድ ከቡና በኋላ ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ። ሒሳቡን እርሱ እንዲይዝ ያድርጉ፤ የጉምሩኩን፣ የሹራቡን፣ የባዶ ወራቱንና የስንብቱን ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ አምጥቶ ያስረዳዎ። ሁለቱን የሄዱ ትምህርት ቤቶችም እርሱ ሄዶ ያነጋግራቸው፤ በርግጥ ዋጋው ነው ያስኬዳቸው ወይስ ሌላ ቅሬታ ነበራቸው? የሆቴሎቹን ትእዛዝ የማምጣት ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ይስጡ፤ ካመጣው ሥራ ትርፍ ድርሻ ይቁረጡለት። ለዚህ ዓመት የስፌት ሠራተኛ እንደማይቀነስ ከተስማማችሁ በኋላ ደግሞ ቆራጭዎን ለብቻዋ ጠርተው፣ ሥራው እንደ ተቀዛቀዘና ወጪ ለመቀነስ እየሞከራችሁ እንደ ሆነ ይንገሯት። የሁለቱን ትምህርት ቤቶች መሄድ ሳትሰማ የቀረች አይመስለኝም፤ ጨርቅ የት እንደሚባክንም ከማንም በላይ የምታውቀው እርሷ ናት።

የሹራቡን ሙከራ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ያውም በአንድ ቀለም ብቻ ጀምሩት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከየአቅራቢው ሦስት ሦስት ናሙና ተቀበሉና በሳሙና አምስት ጊዜ አሳጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ፣ ቀለሙንና እጅጌውን ከእናንተው ሹራብ ጎን አስቀምጣችሁ እዩት።